አሰልጣኝ የሌለው አዶሌሳ

ሰኔ ማለቂያ ላይ ከነጌሌ ቦረና ተነስቶ በዋደራና በአዶላ በኩል ወደ መሀል አገር የሚወጣ አውቶቡስ አስተማሪ አያጣም። ማርክ ሞልቶ፣ ካርድ አከፋፍሎ፣ የክረምት ትምህርቱን ሊከታተል የሚሄድ ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የሙያ ባልደረቦቼም አሉ፤ በስፖርት ማኔጅመንት፣ በስፖርት ሳይንስ ወይም በሰውነት ማጎልመሻ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚሠሩ። እኔም ማስተርሴን የጨረስኩት በዚሁ መንገድ እየተመላለስኩ ነው። ትምህርቱ ጠቅሞኛል፤ ዛሬ የልምምድ ዕቅድ ሳወጣ፣ በጀት ስጠይቅ፣ የተጎዳ ልጅ ሳነሳ የተማርኩትን እጠቀምበታለሁ። ቅር የሚለኝ የምንሄድበት ወር ነው።

በደጋው ሐምሌና ነሐሴ የጭቃ ወራት ናቸው። ሜዳው ውሃ ያቁራል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ አስተማሪውም ራሱን የሚያሻሽልበት ጊዜ ያገኛል። ለደጋው ተስማሚ ነው። የቦረናና የጉጂ ቆላ ግን ዝናቡን በሌላ ጊዜ ነው የሚያገኘው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ገንና ዋናው ዝናብ ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ሐገያ አነስተኛው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቦና ነው፤ ፀሐዩ የሚከርርበት፣ ሣሩ የሚያልቅበት፣ ከብቱ ውሃ ፍለጋ የሚርቅበት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ደግሞ አዶሌሳ ይሉታል። ዝናብ የለውም፤ ሰማዩ ስስ ደመና ይለብሳል፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሜዳውም ደረቅ ነው። ለሩጫም ለኳስም ከዓመቱ ሁሉ የተመረጠው ጊዜ ይኸው ነው።

በዚህ ጊዜ አሰልጣኙ የለም። 600 ኪሎ ሜትር ርቆ በዝናብ የሚደበደብ ቆርቆሮ ሥር ስለ ስፖርት አመራር ይማራል። ልጆቹ በራሳቸው ይሰባሰባሉ፤ የሰፈር ዋንጫ ያዘጋጃሉ፣ ከነጋዴውም ከባጃጅ ሾፌሩም ብር አዋጥተው ኳስ ይገዛሉ። ዳኛ ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ጉልበቱ የተጣመመ ልጅ ወጌሻ ጋ ይሄዳል ወይም እያነከሰ ይጫወታል። መስከረም ላይ እኛ እንመለሳለን፣ ምዝገባው ይጀመራል፣ የሐገያ ዝናብ ይገባል፣ ፈተና ይደርሳል። ደህና ልምምድ የምንይዘው ታኅሣሥ ላይ፣ ቦና ከገባ በኋላ ነው። ልጆቹን የምናስሮጣቸው በዓመቱ ክፉ ሙቀት ነው ማለት ነው።

ነጌሌ ራሷ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቷ ደህና ነው። በፊልቱ አድርጎ ዶሎ ኦዶ የሚወርድ ሰው ግን ከ300 ሜትር በታች ይገባል። ሞያሌም ከነጌሌ ዝቅ ትላለች። በእነዚህ ከተሞች ሰውነት ሲሠራ የሚያመነጨውን ሙቀት የሚያወጣበት ዋናው መንገድ ላብ ነው። አየሩ ከቆዳ ሙቀት ሲበልጥ፣ ላቡ ካልተነነ ነፋስ እንኳ ያሞቃል እንጂ አያበርድም። ልብ ደሙን ለጡንቻም ለቆዳም ለማዳረስ ትጣደፋለች፤ ልጁ የሮጠው ትንሽ ቢሆንም የደከመው ብዙ የሮጠውን ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «አቅም የለውም» ብሎ ከቡድን ማስወጣት በደል ነው።

ማኔጅመንት ስንማር ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር እያልን አጥንተናል። ሀብት ሲባል ሰው፣ ገንዘብና ቁሳቁስ ይጠቀሳሉ። ከቆላ የመጣ ተማሪ በዚያ ዝርዝር አናት ላይ ሰዓትን ቢጽፍ ትክክል ነው። የዓለም ስፖርትም ይህን ተቀብሎ ይሠራበታል። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን በሮም ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ማራቶን ሙቀቱን ሽሽት ወደ ማታ ተገፍቶ ነበር፤ ሲጠናቀቅ መንገዱ ላይ ችቦ በርቷል። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ዶሃ ላይ በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ማራቶኑ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው የተጀመረው። እንዲያም ሆኖ ከተነሱት 68 ሴቶች 28ቱ አቋረጡ። በወንዶቹ ሌሊሳ ዴሲሳ አሸነፈ፣ ሞስነት ገረመው ተከተለው። ለ2013ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ ማራቶኑን ከነጭራሹ ወደ ሳፖሮ አዛወሩት። ለዓለም ሻምፒዮን ሰዓቱም ከተማውም ይቀየራል። የእኛ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ሰውነት ማጎልመሻው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይወድቅበታል፤ ጠዋቱ ለሒሳብና ለፊዚክስ ተይዟል። ፕሮግራም ሲወጣ የስፖርት መምህሩ ተገኝቶ የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜያት ቢጠይቅ ምንም ወጪ የለውም። በአንድ ሴሚስተር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ልጆቹ ጨርሰው ወደ ሒሳብ ሲገቡ እንደማይተኙ የሒሳብ መምህሩ ራሱ መስክሮልኛል።

ከሰዓት ቀጥሎ ውሃ ነው። ለጽሕፈት ቤት የሚሞላውን የስፖርት ዕቃ ቅጽ ብታዩት ኳስ፣ መረብ፣ ቱታ፣ ፊሽካ፣ ሰዓት መያዣ አለው፤ ውሃ የሚል መስመር የለውም። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። ልጁን ከልምምድ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ ብታቆሙት፣ የጎደለው 1 ኪሎ ወደ 1 ሊትር ላብ ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 1 ኪሎ 2 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጉልበቱም ማስተዋሉም ይቀንሳል። ለ40 ተማሪ ግማሽ ግማሽ ሊትር ብንይዝ 20 ሊትር፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን መሆኑ ነው። እኔ ጀሪካኑን ሜዳው ጥግ ግራር ሥር አስቀምጣለሁ፤ በየ15 ደቂቃው ፊሽካ ነፍቼ ሁሉም ይጠጣል፣ የሚፈልገውም የማይፈልገውም። በእኛዋ ነጌሌ ውሃ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በጥር 1966 ዓ.ም. ነጌሌ የነበረው ጦር አዛዦቹን አስሮ ያመፀው በምግብና በውሃ ነበር፤ የዚያ ዓመት አብዮት ሲነገር ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ 5 ወቅት ዝናብ ሲቀር ደግሞ ከብቱ አለቀ፤ ወንዶቹ ልጆች ከከብቱ ጋር ርቀው ሄደው ቡድኔ ተበተነ። የውሃ መስመር የሌለው የስፖርት ዕቅድ ለቦረና አይሆንም።

የማታው ሰዓት ይሻላል የሚል ይኖራል። ለሰውነት እውነት ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ሴት ልጅ ውሃ መቅዳትና ማለብ አለባት። መረብ ኳስ የምትጫወት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ስትቀር ስትቀር ቤቷ ሄድኩ። አባቷን ኦቦ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ወተት አቀረቡልኝና ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ቀኑን ሙሉ ቆማ አትውልም፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ከሰዓት ጥጃ ትከተላለች፣ ማታ ውሃ ታመጣለች። አንተ ደግሞ ልታዘልላት ትፈልጋለህ። ማን ይተካልኛል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ስለ ሴቶች የስፖርት ተሳትፎ ባነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ መልስ አልነበረውም። ተመካከርን። ትምህርት ቤታችን ሮቶ አለው፤ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ ልምምድ በሚኖርባቸው ቀናት ልጆቹ ሲጨርሱ ጀሪካናቸውን ሞልተው በአህያ ጭነው እንዲሄዱ አደረግን። አባትየው ፈቀዱ። ተከትለዋት ሌሎችም መጡ። ለእኔ ስፖርት ማኔጅመንት ይህ ነው፤ ከአባት ጋር ተነጋግሮ፣ ሮቶ አስከፍቶ፣ አህያ ሜዳ ጥግ አስሮ ቡድን ማቆም።

ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስንመርጥ ይህን ሁሉ ትተነው እንሄዳለን። የአዲስ አበባ ጂሞች የደንበኞች እርካታ፣ የአንድ ትልቅ ክለብ የስፖንሰር ገቢ፣ የሠራተኞች ተነሳሽነት። መጠይቁ ከቀደመ ጽሑፍ ይወሰዳል፣ ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ዲፌንስ ይደረጋል። በጽሑፉ የተመረቀው ልጅ ሞያሌ ወይም ያቤሎ ተመልሶ አንዲት ገጽ አይጠቀምበትም። በቦና ሙቀት ልጅ ስንት ደቂቃ መሥራት ይችላል? አርብቶ አደር ቤተሰብ ሲንቀሳቀስ ቡድን እንዴት ይቆያል? እግሩ ከብት በመከተል የጠነከረ ልጅ ምን ዓይነት ልምምድ ይጎድለዋል? እነዚህን የሚያጠና ሰው መስኩ ላይ ያለው እኛው ነን።

ተምሮ ወደ ሜዳ መመለስ ደግሞ በዚህ አገር ምሳሌ አለው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሃንጋሪ ተምረው መጥተው ዕድሜያቸውን ሰዓት መያዣ ጨብጠው በመም ዳር ነው ያሳለፉት። በቆጂ ላይ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። በእኛ አካባቢ ግን ማስተርስ የያዘ ሰው ወዲያው ቢሮ ይገባል ወይም ከተማ ይቀይራል። የደመወዙን ነገር አውቃለሁ፤ የሄደውን አልወቅስም። ማስተርስ ያለውን መምህር ሜዳ ላይ የሚያቆየው ነገር ማነሱ ነው የሚያስወቅሰው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የክረምት መርሐ ግብር የምትመሩ መምህራን፣ ከቆላ የሚመጣን ተማሪ የክፍል ትምህርቱን በሌላ ወቅት አጠናቅቃችሁ፣ ከአዶሌሳ ወራት ቢያንስ አንዱን በራሱ ሜዳ ላይ እንዲያሠለጥንና መረጃ እንዲሰበስብ ፍቀዱለት፤ ልምምዱም በውጤት ይያዝለት። አማካሪዎችም አንድ ጊዜ ወረድ ብላችሁ እዩን። ቡሌ ሆራና ያቤሎ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ የቆላን ስፖርት የማጥናት ኃላፊነት ከማንም በፊት የእነሱ ነው። ዘንድሮ አውቶቡሱ ላይ የምትሳፈሩ የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ኳሱንና የመጋዘኑን ቁልፍ ለሚታመን የቡድን አባል አስረክቡ፤ ርእሳችሁንም ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ።