ፓወርግላይድ፦ ለድራግ ውድድር የሚታደሰው ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ

በድራግ ውድድር ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ይነሡና ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር፣ አንዳንዴም ግማሹን 201 ሜትር ይሽቀዳደማሉ። ሩጫው ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ይፈጃል። በእነዚያ ሴኮንዶች የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ወደ ጎማ የሚያልፈው በካምቢዮው በኩል ስለሆነ፣ ለቤተሰብ መኪና ተብሎ የተሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጫናውን አይችለውም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ብሎን ተፈትቶ ይታደሳል፤ ደካማ ክፍሎቹም በጠንካራ ይተካሉ።

በአሜሪካ ለዚህ ሥራ እስከ ዛሬ ከሚመረጡት ካምቢዮዎች አንዱ ሸቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ፓወርግላይድ ነው። መጀመሪያ ቤቱ የብረት ነበር፤ በ1962 የአሉሚኒየሙ መጣ፤ በ1973 ምርቱ ቆመ። ወደፊት የሚሄድበት ሁለት ማርሽ ብቻ ስላለው በመንገድ ላይ ባለ ሦስት ማርሾቹ በልጠውታል። በውድድር ሜዳ ግን ያው ጉድለቱ ጠቀመው። ቀላል ነው፣ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ የሚበላው ጉልበት ትንሽ ነው፣ ማርሽ የሚቀየረውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአንደኛ ማርሹ ብዜት 1.76 ወይም 1.82 ስለሆነ ኃይለኛ ሞተር ያለው መኪና ሲነሣ ጎማውን በከንቱ አያሽከረክርም። መኪናው ከባድ፣ ሞተሩ ደግሞ መካከለኛ ከሆነ ግን አንደኛ ማርሹ 2.48 የሆነው ባለ ሦስት ማርሽ ተርቦ 400 ይሻላል። ይህኛው ሮልስ ሮይስ ሳይቀር ገዝቶ የተጠቀመበት ጠንካራ ካምቢዮ ነው።

በፓወርግላይድ ውስጥ አንደኛ ማርሽ የሚያዘው ባንድ በሚባል፣ ውስጡ ሸራ በለበሰ የብረት ቀበቶ ነው። ቀበቶው ከበሮውን ጨምቆ እንዳይዞር ያደርገዋል። ወደ ሁለተኛ ሲገባ ቀበቶው ይለቅና የተደራረቡ የፍሪሲዮን ዲስኮች በዘይት ግፊት ይጣበቃሉ። ፋብሪካው ተሳፋሪው ንቅናቄ እንዳይሰማው ብሎ ይህን ልውውጥ ሆን ብሎ አለስልሶታል። ልስላሴ ማለት መንሸራተት ነው፤ መንሸራተት ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀት ደግሞ ሸራውን ያቃጥላል። ስለዚህ በውድድር ካምቢዮ የዘይቱ ግፊት ከፍ ይደረጋል፣ የዲስኮቹ ቁጥር ይጨመራል፣ ባንዱም በሰፊና ጠንካራ ይተካል። የኃይል መግቢያው ዘንግ በፋብሪካው እንዳለ ከተተወ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ከጠንካራ ቅይጥ ብረት የተሠራ ይገባለታል።

የእድሳቱ ጥራት የሚለየው ግን ከተገዛው ዕቃ ይልቅ በልኬቱ ነው። ሁሉም ክፍል ይታጠባል፣ የዘይት መተላለፊያዎቹ በአየር ይነፋሉ፣ የፓምፑ ፊት መፋፋቁና የቤቱ መሰንጠቅ ይመረመራል። የጎማ ማኅተሞችና ጓርኒሲዮኖች ደህና ቢመስሉም ይጣላሉ። አዲሶቹ ዲስኮች ከመገጠማቸው በፊት በካምቢዮ ዘይት ይነከራሉ፤ ደረቅ ዲስክ በመጀመሪያው ንክኪ ይቃጠላልና። በዲስኮቹ መካከል ያለው ክፍተት በስስ መለኪያ ይለካል፦ ለአንድ ዲስክ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ። ከጠበበ ዲስኮቹ ሳይያዙም ይፋተጋሉ፤ ከሰፋ ማርሹ ይዘገያል። የባንዱ ማስተካከያ ብሎንም በግምት አይጠበቅም። በፋብሪካው መመሪያ መሠረት በ8 ኒውተን ሜትር ገደማ ከተጠበቀ በኋላ፣ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ለሠራ ባንድ ልክ 4 ዙር፣ ከዚያ ላነሰ 3 ዙር ይላላል። ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት በመተላለፊያዎቹ አየር ይለቀቃል፤ ፒስተኑ ዲስኮቹን ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ ድምፁ በግልጽ ይሰማል። አየር ብቻ እያፏጨ የሚወጣ ከሆነ ማኅተሙ ተበላሽቷል፤ ሥራው እንደገና ይፈታል።

የቫልቭ ክፍሉም ይለወጣል። ማርሹን በራሱ የሚቀይረው ሥርዓት ይነሣና ውሳኔው ለሾፌሩ ይተዋል። በእሱ ላይ የሚጨመረው ትራንስብሬክ ከሁሉ የሚደነቅ ፈጠራ ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ሲጫን ካምቢዮው አንደኛንና የኋላ ማርሽን ባንድነት ይይዛል፤ መኪናው ወዴትም ሊሄድ ስለማይችል ሞተሩ ጉልበቱን ይዞ ይጠብቃል። የመነሻው መብራት ሲበራ ጣቱን ያነሣል፤ የኋላ ማርሹ ግፊት ወዲያው ይለቅና መኪናው ይወረወራል።

ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ስንት ዙር እንደሚደርስ የሚወስነው ከካምቢዮው ፊት ያለው፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት አማካይነት የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። የቤት መኪና ኮንቨርተር 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ሲይዝ፣ የውድድሩ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ጠብቦ ከ4,000 እስከ 6,000 ይፈቅዳል። መኪናው ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ሁሉ ዘይቱን ስለሚያሞቅ በትራንስብሬክ ላይ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ መቆየት ያቃጥላል። የተለየ የዘይት ማቀዝቀዣ የሚገጠመውም ለዚህ ነው።

እንዲህ የተሠራ ካምቢዮ ለከተማ መንገድ አይመችም። በሜዳውም አደጋ አለው፤ የፋብሪካው የፍሪሲዮን ከበሮ በከፍተኛ ዙር ፈንድቶ ቤቱን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ በአሜሪካው ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ደንብ 402 ሜትሩን በ10.99 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚጨርስ፣ ወይም በሰዓት ከ217 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ አውቶማቲክ መኪና፣ ኤስኤፍአይ 4.1 የተባለውን መስፈርት ያሟላ መከላከያ ሽፋን በካምቢዮው ላይ ማልበስ ግዴታው ነው። ካምቢዮ ለማሳደስ የሚነሣ ሰው የዚህን ሽፋን ገንዘብ ከዲስኩና ከዘንጉ በፊት ይመድብ፤ ካምቢዮው ያለው ከሾፌሩ እግር አጠገብ ነው።