ድምፁን ይዝጉ፣ ትንፋሹን አይዝጉ

ቢትኮይን የሚያመነጭ ማሽን ሲያዩት የጫማ ካርቶን የሚያክል ብረት ነው። ሲያበሩት ግን ጠፍቶ የማያውቅ ቫኪዩም ክሊነር ይሆናል። ባለቤቴ ያገለገለ አንትማይነር ኤስ 9 ገዝቶ ሳሎን ያስቀመጠ ዕለት፣ ቡና እየጠጣን መጯጯህ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን እናቴ ምንም ሳትናገር ተነስታ ሶኬቱን ነቀለችና «እፎይ፣ ቤቱ ተነፈሰ» አለች።

መፍትሔው ቀላል መሰለን፤ ቡፌ የሚመስል ሳጥን አሠርቶ መደበቅ። የመጀመሪያው ሳጥን ያምር ነበር። ውስጡን በፍራሽ ስፖንጅ ለብጠን በሩን ጥርቅም አድርገን ዘጋነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ ሙቀቱ በዝቶበት ራሱን አጠፋ። በሩን ስንከፍተው የዳቦ ምድጃ የከፈትን ያህል ወበቁ ፊታችንን መታን። እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ማሽን ካለ ወይም ሊገባ ከሆነ፣ እኛ ከስረን የተማርነውን ሳይከስሩ ይማሩት።

አናጢ ከመጥራትዎ በፊት

ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው ሕጉ ነው። በ2014 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል፤ ብሔራዊ ባንክም በዚያው ዓመት በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ማሽኑን ከመሰካትዎ በፊት ምን እንደሚፈቀድ ሄደው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። ኤስ 9 ወደ 1,350 ዋት ይፈጃል። ቀንና ሌሊት ከሠራ በቀን 32፣ በወር 970 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋውም የሚጨምር ነው። በሌላ በኩል፣ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ብሎክ የሚሰጠው ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። ገቢና ወጪውን ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። ሒሳቡ ካልሞላ፣ የሚያምር ሳጥን ኪሳራውን ይደብቀው እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም።

ድምፅና ሙቀት በአንድ በር

ማሽኑ 75 ዲሲቤል ገደማ ይጮኻል። ተራ ወሬ 60 አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመኝታ ክፍል ድምፅ ሌሊት ከ30 እንዳያልፍ ይመክራል። ድምፅ በ10 ዲሲቤል ሲቀንስ ለጆሯችን በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማናል።

ችግሩ ሌላ ነው። ማሽኑ የሚፈጀው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ያንን ሙቀት ይዞ የሚወጣው ደግሞ አየር ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ እዚህ ተመሳሳይ ሙቀት ለማስወጣት ብዙ አየር ያስፈልጋል። አየሩ በሳጥኑ ሲያልፍ ከ15 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከፈለጉ፣ በሰዓት 350 ሜትር ኩብ ያህል ማለፍ አለበት። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ ድምፅም ያሳልፋል።

ሳጥኑ እንዴት ይሠራ?

ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው፤ የሚውጠው ደግሞ ለስላሳ ነገር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግድግዳው 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይሁን፤ ስስ ኮምፔንሳቶ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ውስጡን እሳት በማይይዘው ሮክ ዉል ያስለብጡ፤ ሠራተኛው ጓንትና ማስክ ያድርግ፣ ብናኙ እንዳይወጣም በፋይበር ግላስ ጨርቅ ይሸፈን። የፍራሽ ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን ግን አይሞክሩ። ድምፅ አያግዱም፤ እሳት ግን በቀላሉ ይይዛቸዋል።

ዋናው ነገር መተላለፊያው ነው። አየር ታጥፎ መሄድ ይችላል፤ ድምፅ ግን በታጠፈ ቁጥር ከተለበጠው ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ይዳከማል። ስለዚህ ሁለት መተላለፊያዎች ያሠሩ፤ አንዱ ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ፣ ሌላው በተቃራኒው ወገን ከላይ ሙቁን የሚያስወጣ። እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ይታጠፉ፤ ከተለበጡ በኋላ ውስጣቸው ቢያንስ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ሙቁ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ሳጥኑን መሐል ላይ በግድግዳ ይክፈሉትና ማሽኑ በዚያ ግድግዳ በኩል ይተንፍስ። መውጫው ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ትልቅ ፋን ያስገጥሙ፤ አየሩንም በቱቦ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ያስወጡ። ከማሽኑ ሥር ወፍራም ላስቲክ፣ በበሩ ዙሪያም የላስቲክ ማሸጊያ አይርሱ።

ለውበቱ ከቡፌዎ ጋር የሚሄድ ቀለምና የመስቀል ቅርጽ ያለው የእንጨት ፍርግርግ ያምራል። ነገር ግን ከፍርግርጉ ቢያንስ ግማሹ ቀዳዳ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ልንገርዎ። በቤታችን ባዶ የቤት ዕቃ አይታለፍም። እናቴ በመጀመሪያው ቀን የመግቢያው ፍርግርግ ላይ ዳንቴል አልብሳው አገኘሁት።

ከመተኛትዎ በፊት

ለማሽኑ ከብሬከር የሚነሳ የራሱ መስመር በባለሙያ ያስዘርጉለት። ማከፋፈያ ላይ አይሰኩት። ከመጋረጃ ያርቁት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ ይትከሉ፣ ልጆች ካሉ በሩ ይቆለፍ። መግቢያው ላይ አቧራ እንዳይከማች በየሳምንቱ ያጽዱ። በመጀመሪያው ቀን ጥለውት አይውጡ፤ ቴርሞሜትር ከማሽኑ አየር መሳቢያ ፊት ያስቀምጡ። ከክፍሉ ሙቀት በ5 ዲግሪ ከበለጠ ሙቁ አየር እየተመለሰ ነውና አጥፍተው ቀዳዳውን ይፈልጉ።

በሁለተኛው ሳጥናችን፣ ስልኬ ላይ 74 ያሳይ የነበረው ድምፅ ወደ 53 ወርዷል። የስልክ መለኪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ አይታመንም፤ ልዩነቱን ለማየት ግን ይረዳል። ለሳሎን ይበቃል፤ ለእንቅልፍ አይበቃም። ስለዚህ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት እናጠፋዋለን። ባለቤቴ በዚህ የሚቀርበትን ገቢ አስልቶ ነገረኝ። እኔ ደግሞ የእናቴን እንቅልፍ በስንት እንዳሰላው ጠየቅኩት። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ።