ከእግር ደም ሥር ቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ይጠበቃል?

በወሩ 19 ቀን አዲስ አበባ የሚገኘውን የብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ከሚመጡት አረጋውያን መካከል መንገድ ላይ ቆም ብለው ባታቸውን የሚይዙ ይኖራሉ። ጥቂት ሲያርፉ ሕመሙ ይለቃቸዋል፤ ያንኑ ያህል ርቀት ሲሄዱ ደግሞ ይመለሳል። ቤተሰብ «ብርድ ነው» ወይም «ሪህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በእርምጃ የሚመጣና በዕረፍት የሚጠፋ የባት ሕመም ግን ወደ እግር ደም የሚወስደው ቧንቧ የመጥበቡ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ዋነኞቹ አጥባቢዎች ናቸው።

በዚህ ደረጃ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ሲጋራ ማቆም፣ በሐኪም ምክር አዘውትሮ መራመድና መድኃኒት በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገሩ የሚከፋው ሕመሙ ተኝተውም አልለቅ ሲል፣ የእግር ቁስል አልድን ሲል ወይም ጣት መጥቆር ሲጀምር ነው። ባይፓስ በዋናነት የሚታሰበው ያኔ ነው።

ባይፓስ ማለት የተዘጋውን ቦታ አልፎ ደሙን ወደ ታች የሚያደርስ አዲስ መንገድ መሥራት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዣን ኩንላን እ.ኤ.አ. በ1948 የሕመምተኛውን የራሱን ደም መላሽ ሥር ለዚህ ተጠቀመ። ደም መላሽ ሥር ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ በሮች ስላሉት ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይተከላል። ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት የሚወጣው ረጅም የእግር ሥር ዛሬም ተመራጭ ነው። በተለይ ከጉልበት በታች ሲሆን ከሰው ሠራሽ ቱቦ በእጅጉ ይበልጣል።

«ቀዶ ሕክምናው ይሳካል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን አንድ ቁጥር አይበቃም። በአሜሪካና በካናዳ እግራቸው ለመቆረጥ የተቃረበ 1,404 ሰዎች በራሳቸው ደም ሥር ባይፓስ የተሠራላቸውን ጥናት እንይ። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት 2.7 በመቶው ሞተዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከተተከሉት ሥሮች ምንም ሳይነካ ክፍት ሆኖ የቆየው 61 በመቶ ብቻ ነበር። የጠበበው እየተስተካከለ፣ የተዘጋውም እየተከፈተ ሲታከል ግን ቁጥሩ 80 በመቶ ደረሰ። እግራቸው የተረፈላቸው 88 በመቶ፣ በሕይወት የቆዩት 84 በመቶ ነበሩ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር እንማራለን። የተረፉት እግሮች ክፍት ከቆዩት ሥሮች የሚበልጡበት አንዱ ምክንያት፣ ሥሩ ክፍት ሳለ ቁስሉ ከዳነ እግር ከዚያ በኋላ በትንሽ ደምም ሊኖር መቻሉ ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ በዓመት ውስጥ ከመቶ 16ቱ ሞተዋል። የእግርን ሥር ያጠበበው በሽታ የልብንና የአንጎልንም ሥር ስለሚያጠብ፣ እግሩን ያተረፍንለት ሰው ልቡም ክትትል ይፈልጋል።

ሌላው አማራጭ ቧንቧውን በባሉን ወይም ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ ስቴንት ከውስጥ መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቤስት ሲኤልአይ የተባለ ጥናት ጥሩ የራስ ደም ሥር ባላቸው ሰዎች ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። ሞት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ መቆረጥ ወይም ከባድ ድጋሚ ሕክምና የደረሰው በባይፓስ 42.6፣ ከውስጥ በመክፈት 57.4 በመቶው ላይ ነው። በዓመቱ የወጣው የብሪታንያው ባዚል 2 ደግሞ ከጉልበት በታች የተዘጋባቸውን 345 ሰዎች አጥንቶ ተቃራኒውን አገኘ፤ መቆረጥ ወይም ሞት በባይፓስ 63፣ በሌላው 53 በመቶ ሆነ። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው መዘጋቱ ባለበት ቦታ፣ በራስ ደም ሥር ጥራትና በሰውየው አቅም ነው።

ውጤቱን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭ የሚወስኑት ነገሮችም አሉ። ማጨሱን የሚቀጥል ሰው የተተከለለት ሥር የመዘጋት ዕድሉ ከማያጨስ ሰው 3 እጥፍ ያህል ነው። ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒትና ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን ሐኪም ሳያዝ አይቋረጡም። በአልትራሳውንድ የሚደረግ ክትትል መጥበብን ከመዘጋት በፊት ይይዛል።

አገራችን ውስጥ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው በጊዜ መድረስ ነው። ከብስራተ ገብርኤል ብዙም በማይርቀው ዘነበ ወርቅ የሚገኘውና በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው አለርት ሆስፒታል ለዚህ ትልቅ ትምህርት ይዟል። በሥጋ ደዌ ስሜቱ የጠፋ እግር ሳይታወቀው ስለሚቆስል፣ ታማሚው መዳፈ እግሩን በየቀኑ እንዲያይ፣ እንዲያጥብና የሚመች ጫማ እንዲያደርግ ይመከራል። ስኳርም ነርቭን ያደነዝዛል፤ ደም ሲያንስ ደግሞ የተፈጠረው ቁስል አይድንም። ስለዚህ ያው ልማድ በየቤታችን ያስፈልጋል።

የቧንቧን መጥበብ የሚለየው ምርመራ ከባድ አይደለም። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ለክንድ የደም ግፊት ሲካፈል ከ0.9 በታች ከሆነ ቧንቧው መጥበቡን ያመለክታል። የረጅም ዘመን ስኳር ሥሩን አድርቆ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ግን ቁስል ያለበት ሰው በዚህ ቁጥር ብቻ ተጽናንቶ መመለስ የለበትም።

ባይፓስ የተመከረላቸው ወላጅ ያሏችሁ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የራሳቸው ደም ሥር ይበቃል? ከውስጥ መክፈት ለእሳቸው ይሻላል? ከተሠራ በኋላ ማን፣ በየስንት ጊዜው ይከታተላቸዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ ግልጽ መልስ ሳታገኙ ቀጠሮ አትያዙ፤ ከ61 እስከ 80 በመቶ ያለው ልዩነት የተገኘው በክትትልና በጊዜ በተደረገ እርማት ነውና።