«ሙዚቃ አልተማርኩም» ለሚል ክራር መቺ

በዚህ አገር አዲስ ገቢ የሆነ ሰው ሙያ አለኝ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። አናጢውም ነርሷም ሾፌሩም «ትዕውዳ አለ?» ይባላሉ። መንግሥት ቢጠይቅ አያስገርምም። የሚከፋው ጥያቄው ቀስ በቀስ ቤታችን ውስጥ ገብቶ፣ ወረቀት ያላገኘንበትን እውቀት እኛው ራሳችን ከእውቀት ሳንቆጥረው ስንቀር ነው። በሙዚቃ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ክራር ቃኝቶ የሚመታ፣ ማሲንቆ ገዝግዞ ሠርግ የሚያደምቅ ሰው «ሙዚቃ ታውቃለህ ወይ?» ቢሉት «ኧረ እኔ አልተማርኩም፣ እንዲያው በልምድ ነው» ይላል። ልጁ በበኩሉ ከትምህርት ቤት ሐሊሊት የምትባለዋን ትንሽ ዋሽንት ይዞ መጥቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ይላል። አባትየው ዝም ብሎ ይሰማል። በሃዳር ጋኒምም ሆነ በሌላ ሰፈር በአንድ ጣሪያ ሥር ልጅ አዋቂ፣ አባት ደግሞ ምንም የማያውቅ ሆነው ይቀመጣሉ።

ይህ ሂሳብ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የአንድ ሰው ታሪክ ላስቀድም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ተወልደው በአሥር ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ። ልጅ ሳሉ ጆሯቸው የጠገበው የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ዜማ ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው አኮርዲዮን አንስተው ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ። አኮርዲዮን ብቻውን ለሚማር ሰው ደህና አስተማሪ ነው። ቀኝ እጅ እንደ ፒያኖ ያሉ ቁልፎችን ይነካል፣ ግራ እጅ የባስ አዝራሮችን ይጫናል፣ ነፋሱን ደግሞ ክንድ ይሰጣል። ሰው የሰማውን ዜማ በቀኝ እጁ እየዳበሰ ይፈልጋል፣ ሲስት ወዲያው ጆሮው ይነግረዋል፣ መልሶ ይፈልጋል። ኖታ ማንበብና መጻፍን አቶ ኃይሉ ያገኙት በጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። ጆሮው ግን ከወረቀቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆኑ፣ ባንዱም ለዓመታት በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሠራ። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበርና ሊዝናና የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ሙዚቀኛውም አብሮ ያነጋል። በ1977 ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር «ቸ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚያ ላይ ነው። በዚያ ዜማ ላይ የሚመራ ዘፋኝ የለም። ዘፋኝ ጉሮሮው የሚያወጣውን ዜማ ኦርጋኑ ራሱ ያወጣዋል።

በ1981 ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲያልቅ ከባንዱ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ፣ አቶ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ናቸው። በ1985 በዋሽንግተን አንዲት ካሴት ብቻቸውን ቀረጹ። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩን ራሳቸው ተጫውተው አንዱን በሌላው ላይ ደረቡ። ከበሮ መቺ ስላልነበረ የከበሮ መሣሪያ ማሽን አስገቡ። በዚያን ጊዜ አኮርዲዮን በአገራችን ሙዚቃ ውስጥ እየተረሳ ነበርና የቀድሞውን ድምፅ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር አጋቡት። ከዚያ ሥራው እየቀዘቀዘ ሄዶ መድረክ ላይ መውጣት ተዉ፣ ታክሲ ነጂ ሆኑ።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። በታክሲው ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኦርጋን ነበራቸው። ደንበኛ አድርሰው ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ፣ ኦርጋኑን አውጥተው መኪናው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። የሚሰማ የለም፣ የሚከፍል የለም። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያቺን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኛትና በ2013 እንደገና ታተመች፤ አቶ ኃይሉም በስድሳዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። ካሴቷ ባትገኝስ ኖሮ? ጣቶቻቸው ያው ዝግጁ ነበሩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ ልምጣ። ኖታ የፈረንጅ ምሥጢር ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ኖታ አዲስ አበባ ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የተነሣው ከዚሁ ከኢየሩሳሌም ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በአርመኖች ገዳም የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ተባለ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። እንግዲህ እኛ ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ኖታው ከዚህ ወደዚያ ሄዷል።

ኖታ ፊደል ነው። ፊደል ሳይቆጥሩ ቅኔ የሚዘርፉ አባቶች እንደነበሩ ሁሉ ኖታ ሳይቆጥሩ ቅኝት የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ቅኝት ደግሞ የሙዚቃ ሕግ ነው፣ ዕብራይስጡ «ሱላም» የሚለው፣ ትርጉሙም መሰላል ማለት ነው። ክራርዎን ትዝታ ላይ ቃኝተው ወደ ባቲ ሲያዞሩ አንዳንዱን ክር እንደገና ይቃኛሉ። የትኛውን፣ ምን ያህል የሚለውን ማንም አይነግርዎትም። ኮንሰርቫቶሪዮን የገባ ተማሪ ይህንኑ ነገር በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ብዙ ሳምንት ይፈጅበታል።

ይህን በኦርጋን ላይ ማየት ለሚፈልግ መንገዱ አጭር ነው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተደርድረዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ቁልፍ ዶ ነው። ከዚያ ነጮቹን ወደ ቀኝ ሲቆጥሩ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይሆናሉ፤ እስራኤል ውስጥ ያሉ አስተማሪዎችም የሚጠሩት በእነዚሁ ስሞች ነው። አሁን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው ይንኩ፣ ፋን እና ሲን ይዝለሉ። የመጣው ትዝታ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቢሉ ባቲ ይመጣል። ከሚ ተነሥተው ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ቢሉ አምባሰል ነው። እስካሁን አንድም ጥቁር አልነካንም። አንቺ ሆዬ ግን ትንሽ ታስቸግራለች፤ ከሲ ተነሥተው ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካሉ በኋላ አምስተኛዋ በሶልና በላ መካከል ያለችው ጥቁር ቁልፍ ናት። በዚህ አገር «ሶል ዲየዝ» ይሏታል።

ብቻውን የሚማር ሰው እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ያንኑ የአምባሰል አምስት ቁልፍ ይዞ መነሻውንና ማረፊያውን ላ ላይ ቢያደርግ፣ ማለትም ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ቢል፣ የሚሰማው አምባሰል ሳይሆን የትዝታ ማይነር ነው፤ እዚህ «ሚኖር» የሚሉት ኀዘንተኛው ትዝታ። ቁልፎቹ ያው ናቸው፣ ቤቱ ብቻ ተለወጠ። ስለዚህ ቅኝት የድምፅ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ዜማው የት ተነሥቶ የት ያርፋል የሚለውም አለበት። (እነዚህኑ አምስት ድምፆች የጃፓን ባህላዊ ሙዚቃም ይጠቀምባቸዋል፤ ዓለም ጠባብ ናት።)

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኦርጋኑን ገዝቶ እንዳመጣ በራሱ የሚያጅበውን አዝራር ይጫናል፤ ከበሮው፣ ባሱ፣ አኮርዱ ሁሉ አብሮ ይነሣል። ያምራል፣ ነገር ግን ትዝታው ተበላሸ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጀማሪ መጻሕፍት የሚያስተምሯቸው ሦስት አኮርዶች የዶ፣ የፋ እና የሶል ናቸው። የዶ አኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ስለሆነ ከትዝታ ጋር ይስማማል። የፋ አኮርድ ግን ፋን ይዞ ይመጣል፣ የሶል አኮርድም ሲን፤ ሁለቱም በትዝታ ውስጥ የሌሉ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ «ጣቴ ነው የተሳሳተው» ከማለትዎ በፊት አዝራሩን ያጥፉት። አንድ የባስ ድምፅ በግራ እጅ ይዘው ዜማውን በቀኝ ቢጫወቱ ይበቃል።

ሌላም አለ። ኦርጋኑን ከክራሩ ጋር ሲያስተያዩ አንዳንዱ ድምፅ በትንሹ የማይገጥም መስሎ ይሰማዎታል። ጆሮዎ አልዋሸዎትም። ኦርጋን ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን መንገድ በ12 እኩል እርምጃ ከፍሎ ያስቀመጠ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ ውጭ ንቅንቅ አይልም። ክራር የሚቃኘው በጆሮና በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። በማሲንቆ ደግሞ አንዲቷ የጭራ ክር ላይ ጣት እንደ ልቡ ይሄዳል፣ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውንም ያገኛል። ስልክ ላይ በነፃ የሚጫነው የክር ማስተካከያ ለመነሻ ይጠቅማል፤ መርፌው መሃል አልቆመም ተብሎ ግን የአባት ቅኝት አይጣልም።

መሣሪያ ለውጦ ዜማን ማቆየት አዲስ ነገር አይደለም። በ1935 የተወለዱትና በ2016 ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ የጀመሩት በክራርና በማሲንቆ ነበር። ሳክስፎን ሲይዙ የጦረኛውን ሽለላ በሳክስፎን አስፎከሩት። ወደ እኛው ስንመጣ ሳክስፎኒስቱ አባተ በሪሁን አዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፤ በ1999 እስራኤል ገብቶ ከፒያኒስቱ ይጽሐቅ የዲድ ጋር «ራስ ደሸን» የተባለውን ሥራ ሲሠራ የቅኝቱን ድምፅ ትቶ አልመጣም። አንዱ በጆሮ ጀመረ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሁለቱም የሚጫወቱት ከቤት ያመጡትን ነው።

በሃዳር ጋኒም የምትኖሩ ቤተሰቦች የምታነሡት ተግባራዊ ጥያቄ ይኖራል። ፎቅ ቤት ውስጥ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ጎረቤት አለ። ከቀትር በኋላ ከ14፡00 እስከ 16፡00 ያለው ጊዜና ከሌሊቱ 23፡00 በኋላ ያለው «ሸዖት ምኑሓ»፣ የእረፍት ሰዓት ነው፤ ያንን አክብሩ። ኦርጋን በጆሮ ማዳመጫ ይሠራልና ልጅ ከተኛም በኋላ መለማመድ ይቻላል። ክራር ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ከበሮ ግን ለሠርግ ይቆይ። ልጁ ሐሊሊት ካለው ዶውን ያሰማችሁና የክራሩን የመጀመሪያ ክር በእሱ ልክ ቃኙ። ያን ጊዜ እሱ በወረቀት፣ እናንተ በጆሮ አንድ ትዝታ ላይ ትገናኛላችሁ። የሚያስተምረው ማን እንደሆነ እዚያው ይለያል።

ከዚህ አልፎ መማር ለሚፈልግ ፔታሕ ቲክቫ የከተማ ኮንሰርቫቶሪዮን አላት፤ በየሰፈሩ ማትናስም የሙዚቃ ሑግ ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ነው። ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ፣ ወይም ራስዎ ሊማሩ ሲሄዱ፣ አስተማሪው «ታቪም ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ታቪም ማለት ኖታ ነው። «አላውቅም» ብለው አይቁሙ። «አኒ ምናጌን ሌፊ ሽሚዓ» ይበሉ፣ ሴት ከሆኑ «አኒ ምናጌኔት ሌፊ ሽሚዓ»፤ በጆሮዬ እጫወታለሁ ማለት ነው። እያንዳንዱ የሙዚቃ አስተማሪ ይህን አነጋገር ያውቀዋል፣ ችሎታም መሆኑን ያውቃል። ከዚያ ፒያኖው አጠገብ ቀርበው ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብለው ይንኩለትና ይህ አምባሰል ይባላል ይበሉት።