ሙቀትም ልክ አለው

ሾላ ገበያ ብዙ ነገር ይሸጣል። በርበሬ አለ፤ ቅቤ አለ፤ ሽንኩርት አለ። የባህል መድኃኒትም አለ። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ የወይባ እንጨት። ዳማከሴው ይታሻል፤ ጦስኙ ይፈላል። ወይባው ግን አይጠጣም። ይጤሳል። እናቶች ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ተከናንበው ይሞቁታል። «ወገቤን ፈታልኝ፤ ድካሜ ወጣልኝ» ይላሉ።

ታዲያ ድካሙን የሚያወጣው ምንድን ነው? ሙቀቱ ትልቅ ድርሻ አለው። ሙቀት ጉልበት ነው። ብርሃንም ጉልበት ነው። የሚያሽ እጅም ጉልበት አለው። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል። ደም በደንብ ይዘዋወራል። የተኮማተረ ጡንቻ ይላላል። ሕመሙም ቀለል ይላል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በፍል ውሃ አጠገብ ነው። ዛሬም በሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ በሚባለው ክፍል ሕመምተኛው በሙቀትና በእሽት ይረዳል።

እሺ፣ ሙቀት ጥሩ ከሆነ ብዙ ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው? አይደለም። ወጥ በጨው ይጣፍጣል። ጨው ሲበዛ ግን አይበላም። ሙቀትም እንዲሁ ነው። ልክ አለው።

በየወፍ በሽታ ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው በጋለ ብረት የሚተኩሱ አሉ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጉበት ውስጥ በገባ ቫይረስ ነው። ብረቱ ቆዳውን ያቆስላል። በቁስሉም ሌላ በሽታ ይገባል። ጉበት ውስጥ ያለውን ቫይረስ ግን አይነካውም። ሕመምተኛው አንድ በሽታ ይዞ ሄዶ ሁለት ይዞ ይመለሳል።

የከሰል እሳትም ልክ አለው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። አይታይም፤ አይሸትም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ስለዚህ ስንሞቅም ሆነ ስንታጠን በርና መስኮት እንክፈት። ከሰሉን ሳናወጣ አንተኛ። እርጉዝ ሴትም በጣም የጋለ ሙቀት ውስጥ አትቆይ። ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ብርሃን እንምጣ። እናቶች ሕፃን ልጃቸውን የጠዋት ፀሐይ ያሞቃሉ። በእንግሊዝ አገር አንዲት ነርስም ሕፃናትን ፀሐይ ታሞቅ ነበር። ቢጫ የሆኑት ሕፃናት ፀሐይ በነካቸው ገላ ላይ ቢጫው ሲቀንስ አስተዋለች። ሐኪሞቹ ነገሩን መረመሩት። የትኛው ብርሃን እንደሚሠራ ለዩ። ጥናቱም በ1950 ዓ.ም. ታተመ። ዛሬ በሆስፒታል ቢጫ የሆነ ሕፃን በሰማያዊ ብርሃን ሥር ይተኛል። ብርሃኑ በደሙ ውስጥ ያለውን ቢጫ ነገር ይለውጠዋል። ያም በሰገራና በሽንት ይወጣል።

ልብ በሉ! ነርሷ ያየችው የእኛም እናቶች በየቀኑ የሚያዩትን ፀሐይ ነው። ልዩነቱ መለካቱ ነው። የጠዋት ፀሐይ ግን ለታመመ ሕፃን አይበቃም። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ፣ ቢጫው እስከ መዳፉ ከደረሰ፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም አልነቃ ካለ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ። ነገ አይባልም። ቢጫው ሲበዛ አንጎል ይጎዳል። የተጎዳ አንጎል ደግሞ አይመለስም።

የቀረን የወጌሻ እጅ ነው። ጎበዝ ወጌሻ የደነደነ ጡንቻ ያፍታታል። የተሰበረ አጥንት ግን በእጅ ዳበሳ ብቻ አይታወቅም። ራጅ ያስፈልጋል። ራጅም ጉልበት ነው፤ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር ነው። አጥንት ተሰብሮ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ጠብቋል ማለት ነው። ደም አይደርስም። ቶሎ ይፈታ! ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂድ! በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ። ስብራቱ ሊድን ይችል ነበር፤ እግር ያስቆረጠው ማሰሪያው ነው።

እኛ ይህን የምንጽፈው ባህላችንን ለመናቅ አይደለም። ወይባው ይታጠን፤ ወገብ ይታሽ። ነገር ግን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ስንት? የት? እስከ መቼ? መልሱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ጤና ጣቢያ ሄደን እንጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም።

አንብባችሁ ተወያዩ፦

1. ከሰል በተዘጋ ቤት ለምን አይነድም?
2. ቢጫ የሆነ ሕፃን መቼ ወደ ሐኪም ይወሰዳል?
3. ማሰሪያ መጥበቁ በምን ይታወቃል?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።