ደምን የሚያረጋው ኃይል ሲጐድል

በሰው ደም ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ይገኛሉ። ሥራቸውም የደም ሥር በተቀደደ ጊዜ ፈጥነው ተሰብስበው ቀዳዳውን መድፈን ነው። በጤነኛ ሰው ዘንድ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይቈጠራሉ። ቍጥራቸው እጅግ ባነሰ ጊዜ ግን ሰውነት ሳይመታ ይበልዛል፤ በእግር ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ነስርና የድድ መድማት ይበዛል፤ የሴቶችም የወር አበባ ከልክ ያልፋል።

ለዚህ ጕድለት ምክንያቱ ብዙ ነው። ወባ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት በሽታና አንዳንድ መድኃኒት ሊያመጡት ስለሚችሉ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። አይቲፒ የተባለው ደዌ ግን ከነዚህ ይለያል፤ ይኸውም ሰውነትን ይጠብቅ ዘንድ የተሰጠው የመከላከያ ኃይል የገዛ ፕሌትሌቱን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲያጠፋ ነው። ዘበኛው በቤተ ሰቡ ላይ ተነሣ እንደ ማለት ነው።

ይህ ምሥጢር የተገለጠው በብዙ ድካም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. በፕራግ የሕክምና ተማሪ የነበረው ፓውል ካዝኔልሶን፣ ፕሌትሌት የሚጠፋው በጣፊያ ውስጥ ነው ብሎ በመጠርጠሩ የአንዲት ሕመምተኛ ጣፊያ እንዲወጣ መከረ፤ እርስዋም ተሻላት። በ1950 ደግሞ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ዊሊያም ሃሪንግተን የተባለ ሐኪም የሕመምተኛ ደም በገዛ ሰውነቱ እንዲገባ አደረገ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፕሌትሌቱ አለቀ፤ ለቀናትም በአደጋ ላይ ቈይቶ ዳነ። ስለዚህ ጕዳቱን የሚያደርሰው በደም ውስጥ የሚዘዋወር ነገር መሆኑ ታወቀ።

ሕክምናው የሚወሰነው በቍጥሩ ብቻ ሳይሆን በመድማቱም ጭምር ነው። ብዙዎች ሕፃናት በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናሉ። አዋቂም ቢሆን ቍጥሩ ከ30,000 በላይ ከሆነና ካልደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ እየተመረመረ ይጠብቃል። ከዚያ ባነሰ ወይም በደማ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰጠው እንደ ፕረድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ነው። አደጋው በበረታ ጊዜ ከብዙ ሰዎች ደም የተጣራ ኢሚውኖግሎቡሊን በደም ሥር ይሰጣል፤ ይህንንም በ1981 ጳውል ኢምባኽ በስዊስ አገር በሕፃናት ላይ አሳይቷል። በሽታው በተመላለሰ ጊዜ መቅኒን የሚያነቃቁ ኤልትሮምቦፓግና ሮሚፕሎስቲም፣ እንዲሁም ሪቱክሲማብ አሉ። ጣፊያን ማውጣት ከሦስት ሰው ሁለቱን ያህል ለረጅም ጊዜ ይረዳል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ክትባት ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ትኵሳት በመጣ ቍጥር ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

የቤተ ሰብም ድርሻ ቀላል አይደለም። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ደምን ስለሚያባብሱ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጡ። የበለዘውን ሰውነት በዋግምት ማስበጣት፣ የልጅንም እንጥል ማስቈረጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስቴሮይድን ጥቂት ሲሻል በድንገት መተው አደገኛ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። ጸበል የሚጠመቅም ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። ክኒኑ በጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰድ ከተባለም ስለ ጾሙ ለንስሐ አባት መንገር ይበቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅምና።

ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው በአንጐል ውስጥ የሚፈስ ደም ነው። ምንም እንኳ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያገኘው ቢሆን፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ መቃዠት፣ ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቈረ ሰገራ የታየ እንደሆነ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ይህን ደዌ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሠርቶና ልጅ አሳድጎ የሚኖር ስለሆነ፣ ቤተ ሰቡ ከፍርሃት ይልቅ ጥንቃቄን፣ ከችኰላም ይልቅ ትዕግሥትን ይያዝ።