ከዕጣኑ ዛፍ ሥር ያልተሰጠው ትምህርት

«ዘላቂ ልማት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ቢመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መልሱን አያጣውም። የኖርዌይዋ ግሮ ሀርለም ብሩንትላንድ የመሩት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ዘገባውን ካወጣ ወዲህ ትርጉሙ በየመጽሐፉ ሰፍሯል፤ የዛሬው ትውልድ ኑሮውን ሲያሸንፍ የመጪውን ድርሻ እንዳይበላ ማለት ነው። በ2015 የጸደቁት የዓለም የልማት ግቦችም ተማሪ ሁሉ እስከ 2030 ይህን ዕውቀት እንዲጨብጥ ይሻሉ።

ውድ አንባቢያን፣ በገንዳ ውሃ የሚማር ልጅ ግን ነገሩን ራሱን ከደጃፉ ብዙም ሳይርቅ ያገኘዋል። በመተማና በቋራ ቆላ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በበጋ ቅርፊቱ በስለት ይላጣል፤ የፈሰሰው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ቁስሉም በየጊዜው ይታደሳል። ዕጣኑ ከየቤቱ ማጨሻ አልፎ ወደ ውጭ አገር ይሸጣል።

ተመራማሪዎች በመተማ ያጠኑትና በ2012 የታተመው ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ፣ ከዛፎቹም በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 90ው እንደሚጠፉ ገምቷል። እኛን ይበልጥ ያስገረመን ሌላው ግኝት ነው። የሚላጡትም የማይላጡትም ዛፎች እኩል ለአደጋ ተጋልጠዋል! ትልልቆቹ ይሞታሉ፤ ችግኞቹን ከብት ይበላቸዋል፣ ሰደድ እሳት ይፈጃቸዋል። በ2019 የወጣ ሰፋ ያለ ጥናትም ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች እንደሌሉ አረጋግጧል። ደኑ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር መስሏል ማለት ነው።

በትምህርት ቤቶቻችን ጉዳዩ እንዴት ይሰጣል? በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ በታችኛው ክፍል የአካባቢ ሳይንስ የተባለውን ትምህርት አስገብቶ ነበር፤ ከፍ ሲል ጂኦግራፊና ባዮሎጂ ይረከቡታል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ችግኝ ተከላ አለ። ሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በመላ አገሪቱ ተነግሯል። የተተከለው ይቆጠራል፤ የጸደቀውን ግን ስንቱ ተማሪ ተመልሶ ይቆጥረዋል?

ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት መጠይቅ ነው። መምህሩ «አስተምራለሁ» ብሎ ይሞላል፣ ተማሪው «አውቃለሁ» ብሎ ይሞላል፣ ወረቀቱ ይሰበሰባል። በእኛ አስተያየት በዚህ ቆላ ከመጠይቅ የሚሻል ፈተና አለ፤ ተማሪውን ደኑ ውስጥ አቁሞ «እዚህ ምን ጎደለ?» ብሎ መጠየቅ። «ዛፉን ማቁሰል ይቁም» ብቻ ካለ ግማሹን መልስ አግኝቷል። «ልጆቹ ዛፎች የት አሉ?» ካለ ግን ትምህርቱ ገብቶታል።

በመድረሳም ቢሆን፣ ሙስሊም የተከለውን ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት የሚገልጸውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ልጆቻችን በቃላቸው ይዘውታል። ተክሉ እስኪያፈራ መጠበቅ እንዳለበት ግን አብሮ ቢነገራቸው መልካም ነው።

የሒሳብ መምህሩም ድርሻ አለው። የ2019ኙ ጥናት ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። ደምሩ፤ 2039 ይሆናል። የዛሬው ተማሪ ያኔ ቤተሰብ ያስተዳድራል።

ከ2023 አጋማሽ ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር ሥራው ለወላጅም የሚተርፍ ነው። ጸጥታው በሚፈቅድበት ቦታ ገመድ ይያዝና ሃያ እርምጃ በሃያ እርምጃ ይለካ። በውስጡ ያለው ወፍራም ዛፍ፣ ቀጭን ዛፍና ቡቃያ ለየብቻ ተቆጥሮ በደብተር ይጻፍ። የዕጣን ቡቃያ በበጋ ከላይ ይደርቅና ሥሩ ይተርፋል። ስለዚህ ልጁ ሞቷል ብሎ እንዳይሰርዘው፣ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይቁጠረው።